የጉበት ካንሰር ሕክምናን ለመምረጥ፦ ከዕጢው አስቀድሞ ጉበቱን መመርመር

የጉበት ካንሰር እንዳለበት የተነገረው ሰውም ሆነ አስታማሚው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዕጢው ስንት ሴንቲ ሜትር ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም በሁለተኛ ደረጃ ሊጠየቅ ይገባዋል። ከራሱ ከጉበት የሚነሳው ካንሰር በአብዛኛው የሚበቅለው በሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ ቫይረስ፣ በአልኮል ወይም በስብ ክምችት ለዓመታት ተጎድቶ ጠባሳ በሞላው ጉበት ላይ ስለሆነ፣ ሐኪሙ የሚያክመው በአንድ ጊዜ ሁለት በሽታ ነው። ዕጢውን ያጠፋ ሕክምና የቀረውን ጉበት ካደከመው ታማሚውን አልጠቀመውም።

ከሁሉ በፊት የካንሰሩ መነሻ መረጋገጥ አለበት። ከትልቁ አንጀት፣ ከጡት ወይም ከሌላ አካል ተነስቶ ወደ ጉበት የተዛመተ ካንሰር ሕክምናው የተለየ በመሆኑ እዚህ የሚባለው አይመለከተውም። ከጉበት ሕዋሳት የሚነሳው፣ ሄፓቶሴሉላር ካርሲኖማ የሚባለው ዓይነት ሲሮሲስ (ጉበትን ያጠነከረ ከባድ ጠባሳ) ባለበት ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ናሙና ሳይወሰድ በምስል ብቻ ይረጋገጣል። ቤተሰብ በዚህ ቢጠራጠር አይፈረድበትም፤ ምክንያቱ ግን ከደም አቅርቦት የሚመነጭ ነው። ጤነኛው የጉበት ክፍል ከሚደርሰው ደም ሦስት አራተኛ ያህሉን የሚያገኘው ከአንጀት ከሚመጣው፣ ፖርታል ቬይን ከሚባለው ደም ሥር ነው፤ ዕጢው ግን በዋናነት የሚመገበው ከደም ቅዳው ነው። ስለዚህ ኮንትራስት የሚባለው ፈሳሽ በደም ሥር ተሰጥቶ ሲቲ ስካን ሲነሳ፣ ዕጢው በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ከዙሪያው ይልቅ ነጥቶ ይታይና ቆየት ብሎ ይጠቁራል። ሐኪሙ ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አድርጎ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ ከረጅም ማብራሪያ ይልቅ ይህን በዓይን ማየት ጥርጣሬን ያስወግዳል።

ቀጥሎ የጉበቱን አቅም በቁጥር ይወቁ። ቻይልድ ፑ በሚባለው መለኪያ አምስት ነገሮች ይታያሉ፤ እነርሱም ቢሊሩቢን (ጉበት ከደም የሚያስወግደው ቢጫ ቀለም)፣ አልቡሚን (ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን)፣ አይኤንአር የሚባለው የደም መርጋት ምርመራ፣ በሆድ ውስጥ የተቋጠረ ውሃ እና የአእምሮ መደናገር ናቸው። እያንዳንዱ ከ1 እስከ 3 ነጥብ ይይዛል። ለምሳሌ ቢሊሩቢኑ 2.4፣ አልቡሚኑ 3.1፣ አይኤንአሩ 1.4 የሆነ፣ በሆዱ ጥቂት ውሃ የተገኘበትና አእምሮው ንጹሕ የሆነ ታማሚ እንውሰድ። በቅደም ተከተል 2፣ 2፣ 1፣ 2 እና 1 ነጥብ ያገኛል፤ ድምሩ 8 ነው። ከ5 እስከ 6 ያለው ኤ፣ ከ7 እስከ 9 ያለው ቢ፣ ከ10 እስከ 15 ያለው ሲ ስለሚባል ይህ ሰው ቢ ላይ ነው። ዕጢው ትንሽ ቢሆን እንኳ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ሊከብደው ይችላል፤ ኤ ላይ ያለ ሌላ ታማሚ ግን ከእርሱ የሚበልጥ ዕጢ ይዞ በደኅና ሊወጣ ይችላል። በጎረቤት ወይም በዘመድ የደረሰውን ለራስ መለኪያ ማድረግ የማያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለቱ መረጃዎች ከተገኙ በኋላ ምርጫዎቹ ይጠባሉ። ትንሽ ዕጢ፣ በተለይ ከ3 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ከሆነ፣ በምስል እየተመሩ መርፌ አስገብቶ በሙቀት ማቃጠል ይቻላል። ዕጢው ትንሽ ሆኖ ወይም ቁጥሩ ጥቂት ሆኖ ጉበቱ ግን በጠባሳ ከተዳከመ፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚያስወግደው ንቅለ ተከላ ነው፤ በ1996 ከሚላን የወጣው መስፈርት እስካሁን መነሻ ሆኖ ያገለግላል። መስፈርቱ አንድ ዕጢ ከሆነ ከ5 ሴንቲ ሜትር፣ እስከ ሦስት ከሆኑ ደግሞ እያንዳንዳቸው ከ3 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጡ፣ ወደ ደም ሥር እንዳልገቡና ከጉበት ውጭ እንዳልተዛመቱ ይጠይቃል። ከዚህ ያለፈ፣ ነገር ግን ከጉበት ያልወጣ ዕጢ ብዙ ጊዜ የሚታከመው በራሱ የደም መንገድ ነው፤ ቀጭን ቱቦ በደም ቅዳው በኩል ገብቶ መድኃኒት ወይም ጨረር የሚያመነጩ ደቃቅ ቅንጣቶችን ዕጢው ድረስ ያደርሳል። በሲቲ ስካኑ ላይ ዕጢውን ያነጣው የደም አቅርቦት ልዩነት እዚህ ለሕክምና ይውላል ማለት ነው።

ቆርጦ ማውጣት ሲታሰብ ዋናው ጥያቄ የሚወጣው ሳይሆን የሚቀረው ነው። ጤነኛ ጉበት ከሩብ እስከ ሲሶ ያህሉ ቢቀረው ሊያገግም ይችላል፤ ሲሮሲስ ያለበት ግን 40 በመቶ ገደማ እንዲቀርለት ይፈለጋል። የሚቀረው ካነሰ ጉበት እንደገና የማደግ ተፈጥሮውን መጠቀም ይቻላል። ሐኪሞች ዕጢ ወዳለበት ወገን የሚሄደውን የፖርታል ቬይን ቅርንጫፍ ይዘጉታል፤ ደሙ ወደ ሌላው ወገን ሲዞር ያ ወገን በሳምንታት ውስጥ ይፋፋል፤ ከዚያ በኋላ ቀዶ ሕክምናው ይደረጋል። ስለዚህ «ለጊዜው አይቆረጥም» ሲባል ተስፋ ከመቁረጥ በፊት «የሚቀረውን ክፍል ማሳደግ ይቻላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ጠባሳ የበዛበት ጉበት ግን በሚፈለገው መጠን ላያድግ ይችላል።

በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚዘነጋው ጉበቱን የጎዳውን ነገር ማስቆም ነው። ዛሬ ሄፓታይተስ ሲን በአብዛኛው ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚወሰድ ክኒን ከ95 በመቶ በላይ በሚሆኑት ታማሚዎች ላይ መፈወስ ይቻላል። ሄፓታይተስ ቢ ባይነቀልም በመድኃኒት ይገታል፤ የካንሰር ሕክምና ቫይረሱን ሊቀሰቅሰው ስለሚችል መድኃኒቱ ቀድሞ መጀመሩን ያረጋግጡ። አልኮል ሙሉ በሙሉ ይቁም። ጉዳቱ ሲቆም ጠባሳው ራሱ በዓመታት ውስጥ ሊቀንስ እንደሚችል ይታወቃል፤ የተጎዳ አካልን መጠገን ሲባል ዛሬ በእጅ ያለው እርግጠኛ መንገድ ይኸው ነው።

ካንሰሩ ወደ ደም ሥር ከገባ ወይም ከጉበት ከወጣ ተራው የመድኃኒት ነው። በዚህ ረገድ ብዙ ነገር ተለውጧል። ሶራፌኒብ በ2008 በታተመው ጥናት፣ ግማሾቹ ታማሚዎች በሕይወት የቆዩበትን ጊዜ ከ7.9 ወር ወደ 10.7 ወር አሳደገ። አቴዞሊዙማብና ቤቫሲዙማብ አንድ ላይ ሲሰጡ ግን ይህ ጊዜ 19.2 ወር ደረሰ፤ በዚያው ጥናት ሶራፌኒብ የወሰዱት 13.4 ወር ነበሩ። በ2022 ደግሞ ዱርቫሉማብና ትሬሜሊሙማብ በአሜሪካ ተፈቀዱ። ቁጥሮቹ የመሐል ነጥብ እንጂ ቀጠሮ አይደሉም፤ ግማሾቹ ከዚያ በላይ ኖረዋል። ቤቫሲዙማብ የመድማት አደጋ ስላለው ከመጀመሩ በፊት በኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቱቦ) የምግብ ቧንቧና የጨጓራ ደም ሥሮች ማበጥ አለማበጣቸው ይታያል። እንደ አቴዞሊዙማብ፣ ዱርቫሉማብና ትሬሜሊሙማብ ያሉት፣ በሽታ የመከላከል አቅምን የሚያነቃቁት መድኃኒቶች የተተከለን ጉበት ሊያስጠቁ ስለሚችሉ፣ ንቅለ ተከላ ያደረገ ወይም የሚጠብቅ ሰው ይህን ሳይናገር ማለፍ የለበትም።

ስለ አካል ጥገና የሚወጡ ዜናዎችን ሲያነቡ ሦስት ነገር ይለዩ፤ የተሠራው በእንስሳ ነው ወይስ በሰው? በስንት ሰው? የተለካው ምንድን ነው? ከለጋሽ የተወሰደን ጉበት በ37 ዲግሪ ሙቀት ደም እያዘዋወሩ የሚያቆዩት ማሽኖች ይህን ፈተና አልፈዋል። ጉበቱ በበረዶ እንደተኛ አካል ዝም አይልም፤ ሐሞት በቱቦው ይንጠባጠባል፤ ሐኪሙም ከመትከሉ በፊት መሥራት አለመሥራቱን በዓይኑ ያያል። በ2021 ዙሪክ ውስጥ ሌሎች ማዕከላት ያልተቀበሉት ጉበት ሦስት ቀን በማሽን ታክሞ ለአንድ የካንሰር ታማሚ ተተክሏል፤ ከዓመት በኋላም ሰውየው ደኅና ነበር። በአንጻሩ በ2013 ጃፓን ውስጥ ከስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ ከሚችል ሕዋስ) የተሠራው የጉበት ቡቃያ የተሞከረው በአይጥ ነው፤ በ2024 ቻይና ውስጥ የተተከለው የአሳማ ጉበትም ለ10 ቀን የሠራው አንጎሉ በሞተ ሰው ላይ ነው። ሁለቱም ትልቅ እርምጃዎች ናቸው፤ ነገር ግን ዛሬ ጉበትን በስቴም ሴል መርፌ እንጠግናለን ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው የተረጋገጠ ሕክምና እየሸጠ አይደለም።

ሕክምናው ከተሳካም በኋላ በቀረው ጉበት ላይ አዲስ ዕጢ ሊበቅል ስለሚችል፣ መጀመሪያ ላይ በየጥቂት ወሩ የሚደረገው የምስልና የኤኤፍፒ (የጉበት ካንሰርን የሚጠቁም የደም ፕሮቲን) ምርመራ አይቋረጥ። ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክን የመሰሉ ማስታገሻዎች ሲሮሲስ ላለበት ሰው ኩላሊትን ስለሚጎዱና ስለሚያደሙ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይወሰዱም። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሰ፣ ሆድ በድንገት ከተነፋ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም ታማሚው ቀን እየተኛ ሌሊት መንቃትና ነገር መሳት ከጀመረ፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።