በኒው ኦርሊንስ ታሪካዊ የክሪዮል ምግብ ቤት እንዴት መመገብ እንደሚቻል

ክሪዮል የሚባለውን የዚህችን የአሜሪካ ከተማ ማዕድ ያቀኑት በባርነት የተጋዙ ምዕራብ አፍሪካውያን፣ ፈረንሳዮች፣ ስፔናውያንና የአገሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው። ኒው ኦርሊንስ የሚደርስ አንባቢ ሁሉ ይህን ማዕድ ቢቀምስ ደስ ይለኛል። ሆኖም የአሳማ ሥጋና ሽሪምፕ የማንበላ ብዙዎች ስለሆንን፣ ያለ ዝግጅት ከመግባት ቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

በመጀመሪያ ቤቱን ይምረጡ። በፈረንሳይ ሰፈር ከ1840 ጀምሮ የሚሠራው አንትዋንስና በ1905 የተከፈተው ጋላቷርስ ስመ ጥር ናቸው፤ ጋላቷርስ ለእራትና እሑድ ቀኑን ሙሉ ወንዶች ኮት እንዲለብሱ ይጠይቃል። እኔ ግን በትሬሜ ሰፈር በ1941 የተከፈተውን ዱኪ ቼዝን አስቀድማለሁ። ጥቁርና ነጭ በአንድ ገበታ መቀመጥ በሕግ በተከለከለበት ዘመን የሲቪል መብት ታጋዮች በዚህ ቤት ላይኛው ክፍል ተሰብስበው እየተመገቡ ይመክሩ ነበር። በ2019 በ96 ዓመታቸው ያረፉት ሼፍ ሊያ ቼዝም የጥቁር አሜሪካውያን ሠዓሊዎችን ሥራ እየሰበሰቡ በግድግዳው ላይ ሰቅለዋል፤ ስለዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ ደርሶ ሥዕሎቹን ማየት ተገቢ ነው። ቦታ አስቀድመው ያስይዙ።

ዋናው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሲያዙ ነው። የቤቱ መለያ የሆነው ጋምቦ የተባለ ወጥ ሲቀርብ መካከሉ ላይ ሩዝ ተከምሮ፣ ዙሪያውን ጠቆር ያለ መረቅ ከቦት፣ የሸርጣን እግር ብቅ ብሎ ይታያል። ሽሪምፕ፣ ቋሊማና የተጨሰ የአሳማ ሥጋም አለበት። ብዙ ሰው የማይበላውን ቁራጭ ለይቶ በማውጣት የሚገላገል ይመስለዋል፤ አይገላገልም። ጋምቦ የሚጀምረው ዱቄት በቅባት ውስጥ ቀስ እያለ እስኪጠቁር በማማሰል ሲሆን፣ ለወጡ እንደ ቁሌት ማለት ነው። ቀጥሎ ሽንኩርት፣ ሴለሪና የፈረንጅ ቃሪያ ይገባል፤ ከዚያ የሽሪምፕ ቅርፊት ወይም የአሳማ አጥንት የተቀቀለበት ውኃ ሊጨመርበት ይችላል። ስለዚህ አስተናጋጁን «የአሳማ ሥጋ አለው?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ «ቅባቱ ምንድን ነው? መረቁስ ከምን ወጣ?» ብለው ይጠይቁ።

አትክልት የሚመስለውም ምግብ ያው ነው። በከተማዋ ልማድ ሰኞ ሰኞ የሚበላው ቀይ ቦሎቄ በሩዝ፣ ጥንት ከእሑድ ምሳ በተረፈ የአሳማ አጥንት ይቀቀል ነበር፤ ዛሬም በአብዛኛው በአሳማ ሥጋ ይሠራል። ለጿሚ ደግሞ ይበልጥ የሚያሳስተው ዱኪ ቼዝ በጸሎተ ሐሙስ የሚያቀርበው የጎመን ጋምቦ ነው። ዘጠኝ ዓይነት ቅጠል ቢገባበትም፣ ከስቅለት በፊት የሚበላ የመጨረሻ የፍስክ ምግብ በመሆኑ ሥጋና ቋሊማ ሞልቶበታል። የእነርሱ ጸሎተ ሐሙስ በየትኛውም ዓመት ከእኛ ሁዳዴ ውስጥ ስለሚውል፣ የሚጾም ሰው ጉዞውን ለፍስክ ወቅት ቢያደርገው ይመረጣል።

ታዲያ ምን ይበላል? በቅቤ የተሠራ ትራውት ዓሣ ወይም የተጠበሰ ዶሮ ይዘዙ፤ ነገር ግን መጥበሻው ዘይት ሽሪምፕና ኦይስተር የተጠበሰበት እንዳይሆን ያረጋግጡ። በእነዚህ ቤቶች ለረጅም ዘመን የሠሩ አስተናጋጆች ወጥ ቤቱን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ፣ የማይበሉትን በግልጽ ነግሮ ምርጫውን ለእነርሱ መተው በስልክ ካነበቡት አስተያየት ሁሉ ይበልጣል።

ምግቡ ሲመጣ ሳይቀምሱ የቃሪያ ማጣፈጫ አይጨምሩ። ባራክ ኦባማ በ2008 ጋምቦው ላይ ሳይቀምሱ ሲያፈሱ ሊያ ቼዝ ገሥጸዋቸዋል። በርበሬና ሚጥሚጣ የለመደ ሰው እጁ ወደ ጠርሙሱ መሄዱ አይቀርም፤ ግን ያ መረቅ በዝግታ የተሠራ ነውና ሁለት ሦስት ማንኪያ ሳይነካካ ይቅመሱት።

ለማጣጣሚያ የሚቀርበው የዳቦ ፑዲንግ ብዙ ጊዜ የውስኪ መረቅ ይፈስበታል፤ አልኮል የማይወስድ ሰው ያለ መረቁ ይዘዝ። ሒሳብ ሲከፍሉ ከ18 እስከ 20 በመቶ ጉርሻ ይጨምሩ፤ በሉዊዚያና ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ ሕጉ አሠሪውን የሚያስገድደው የሰዓት ክፍያ 2.13 ዶላር ብቻ ስለሆነ፣ አስተናጋጁ የሚኖረው በጉርሻው ነው።