ከጅማ ወጥታችሁ ጀልባ ስትከራዩ፦ ሐይቅ ላይ የሚገጥም ችግርና መፍትሄው

ጅማ ያደገ ሰው ውሃ ብርቁ አይደለም። የአወቱ ወንዝ ከተማውን ሰንጥቆ ያልፋል። ቦዬ ረግረግ ላይ ጉማሬ አለ። ወደ አዲስ አበባ ስንወጣ ደግሞ የግልገል ጊቤ ግድብ ውሃ ከመኪና መስኮት ይታያል። የሞተር ጀልባን ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው ለእረፍት ስንወጣ ብቻ ነው። ጣና፣ ሐዋሳ፣ ወይም በጭዳና በሶዶ በኩል ወርደን ጫሞ።

እኔ ቤተሰቤን ይዤ ሦስቱም ጋ ሄጃለሁ። ፈረንሳይ ውስጥ በቦዮች ላይ ሰው ያለ መንጃ ፈቃድ ጀልባ ተከራይቶ፣ ራሱ እየነዳ ሳምንት ያሳልፋል። እኛ ጋ ግን ጀልባ የሚከራየው ከነነጂው ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው «እኔ ምን አገባኝ፣ ካፒቴኑ ያውቃል» ብሎ ይቀመጣል። ካፒቴኑ ያውቃል፣ እውነት ነው። ግን እሱ ፊቱን ወደፊት አድርጎ ይነዳል፤ ሞተሩ ከኋላው ነው። ልጆቹም የእናንተ ናቸው። ምልክቱን አይታችሁ በጊዜ ብትነግሩት ብዙ ነገር ይተርፋል።

ሞተሩ አልነሳ አለ

ገመዱ ይሳባል፣ ሞተሩ ጉርር ይልና ዝም። አምስት ጊዜ፣ አስር ጊዜ። ሰው ሁሉ ካንዴላው ላይ ይፈርዳል። ካንዴላው ግን መጨረሻ ላይ የሚታይ ነገር ነው።

መጀመሪያ ቀይዋን የተጠማዘዘች ገመድ እዩ። ነጂው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ሞተሩ እንዲጠፋ በእጁ ወይም በልብሱ ላይ የሚያስራት ናት። ጫፏ ከቦታዋ ከወጣች ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ቢሳብ አይነሳም። ቀጥሎ ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን፤ ማርሽ ውስጥ ከሆነ ብዙ ሞተር እንዳይነሳ ተደርጎ ነው የተሠራው። ከዚያ ከታንኩ ወደ ሞተሩ በሚሄደው ቱቦ መሃል ያለችውን የጎማ እንቁላል ጨምቁ። ጠንከር እስክትል ድረስ። ልፍስፍስ ካለች ቤንዚን እየደረሰ አይደለም።

ሞተሩ ተነስቶ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እየደከመ ከጠፋስ? ያኔ የታንኩን ክዳን እዩ። ክዳኑ ላይ የአየር ማስገቢያ ትንሽ ቡሎን አለች። ታንኩ ሲጫን ቤንዚን እንዳይፈስ ትዘጋለች፤ ከዚያ ትረሳለች። ቤንዚኑ ሲወጣ በምትኩ አየር ካልገባ ታንኩ ውስጥ ባዶነት ይፈጠርና ቤንዚኑን መልሶ ይይዘዋል። መፍትሄው ሁለት ዙር ማላላት ብቻ ነው። ሐዋሳ ላይ በዚህች ቡሎን ምክንያት ሃያ ደቂቃ መሃል ውሃ ላይ ቆመናል።

የቤንዚን ሽታ በጣም ከሸተተ ደግሞ ሞተሩ ጠጥቷል ማለት ነው። ቾኩን፣ ማለትም ሞተሩ ሲነሳ አየር የሚቀንሰውን መያዣ፣ መልሳችሁ አስር ደቂቃ ተዉት። እስከዚያ ሲጋራ የሚባል ነገር አይታሰብ።

ከሞተሩ ጎን የሚፈሰው ውሃ ቆመ

ይሄንን ከሁሉም በላይ ልብ በሉልኝ። ሞተሩ ሲሠራ ከጎኑ ወይም ከኋላው ቀጭን ውሃ ይተፋል። ሞተሩን አቀዝቅዞ የሚወጣ የሐይቁ ውሃ ነው። እሱ ከቀጠነ ወይም ከቆመ ሞተሩ ሊፈላ ነው። ካልጠፋ በደቂቃዎች ውስጥ ፒስተኑ ይነክሳል።

ጣና ላይ ካለው ከዘጌ ስንመለስ የእህቴ ልጅ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ስንነሳ «ያቺን ውሃ የምትጠብቃት አንተ ነህ» ብዬው ስለነበር ዓይኑን አልነቀለም። መሃል ላይ «አጎቴ፣ ውሃዋ ጠፋች!» አለ። ካፒቴኑ ወዲያው አጠፋ። ሞተሩን ወደ ላይ አጋድሞ እጁን ከታች ሰደደ። የውሃ መሳቢያው ወንፊት ላይ ጥቁር ፌስታል እንደ ቆዳ ተለጥፎበታል። ጫፉን ይዞ ሲልጠው ከሥሩ የተፈጨ የእምቦጭ ሥር ወጣ። አስር ደቂቃ አቀዘቀዘው፣ አስነሳው፣ ውሃዋ ተመለሰች። ልጁ እስከ ባሕር ዳር ድረስ ቦታውን ለማንም አልለቀቀም።

እምቦጭ ጣና ላይ በስፋት የታየው ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ነው፤ በተለይ በሰሜንና በምሥራቁ ዳርቻ። አረንጓዴ ምንጣፍ የመሰለ ነገር ፊት ለፊት ካያችሁ ካፒቴኑ እንዲዞረው ጠይቁት። አቋርጦ መሄዱ ጊዜ አይቆጥብም። ፌስታላችሁን ደግሞ እባካችሁ ይዛችሁ ተመለሱ።

ወንፊቱ ንጹህ ሆኖ ውሃው ካልወጣ የውሃ ፓምፑ ጎማ አልቆ ይሆናል። ያ ውሃ ላይ አይጠገንም። በስልክ ሌላ ጀልባ አስጠሩ።

ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባው አይሄድም

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው የዓሣ መረብ ፕሮፔለሩ ላይ፣ ማለትም ጀልባውን በሚገፋው ተሽከርካሪ ላይ፣ ተጠምጥሞ ነው። መረቡ በተንሳፋፊ ምልክት ስለሚታይ ቀድሞ መዞር ይቻላል፤ ሲመሽ ግን አይታይም። ሁለተኛው ፕሮፔለሩን የያዘችው ትንሽ ብረት ተሰብራ ነው። ድንጋይ ወይም ግንድ ሲመታ ማርሹ እንዳይሰበር እሷ ቀድማ ትሰበራለች። ሥራዋ ነው።

መፍትሄው ቢላና መለዋወጫ ብረት ነው። ሁለቱም መኖራቸውን ከዳር ሳትነሱ ጠይቁ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ፣ ቀይዋም ገመድ ሳትነቀል ማንም እጁን ወደ ፕሮፔለሩ እንዳያስገባ።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ለምን ያን ያህል ርቀት፣ እዚሁ ጊቤ ላይ አንንሸራሸርም?» ይሉኛል። ግልገል ጊቤ አንድ በ1996 ዓ.ም. የተመረቀ፣ 184 ሜጋዋት የሚያመነጭ የኃይል ማመንጫ ግድብ ነው። ውሃው እንደ ወቅቱ ይወጣል፣ ይወርዳል። ባለፈው ወር ጥልቅ የነበረው ቦታ ዛሬ ጭቃና ጉቶ ሊሆን ይችላል። ለመዝናኛ ጀልባ የሚመች ውሃ አይደለም።

ጀልባው አፍንጫውን ሰቅሎ ይጎተታል

ሞተሩ ሙሉ ኃይሉን እየሰጠ ጀልባው አይፈጥንም። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ክብደቱ ሁሉ ከኋላ መሆኑ ነው። ሰው ለወሬ ይሰበሰባል፣ ሻንጣው እዚያው፣ የቤንዚን ጀሪካኑም እዚያው። ሁለት ሰው ወደ መሃል ሲሄድ ጀልባው ወዲያው ይስተካከላል። ሰው ሲንቀሳቀስ ግን ተቀምጦ፣ በየተራ፣ ፍጥነት ተቀንሶ ይሁን።

ከፍታም አለበት። ቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ 3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ጣና ወደ 1,800 ሜትር ላይ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ ላይ ከተጻፈው የፈረስ ጉልበት አምስተኛው ያህል የለም ማለት ነው። «ይሄ ሞተር አስራ ሁለት ሰው ይችላል» ሲሏችሁ ዘጠኝ ሁኑ።

ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ተነሳ

ይሄ ድንገተኛ አይደለም። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ነፋስ ከውሃው ወደ የብስ ይነሳል። ጠዋት መስታወት የመሰለ ሐይቅ ስምንት ሰዓት ላይ ይናጣል። ጠዋት አንድ ሰዓት ተነሱ፣ ከሰባት ሰዓት በፊት ተመለሱ። ከያዛችሁ ደግሞ ፍጥነት ይቀነስ፤ ጀልባው ማዕበሉን በጎኑ ሳይሆን በአፍንጫው ጥግ ይቀበል። ማንም አይቁም።

ላይፍ ጃኬቱ የሚለበሰው ያኔ ሳይሆን ገና ስትነሱ ነው። ልኩን ለማወቅ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። አገጭና ጆሮ ድረስ ከመጣ ትልቅ ነው፤ ይቀየር። ለልጅ በእግሮቹ መሃል የምታልፍ ማሰሪያ ያለው ይፈለግ። የትልቅ ሰው ጃኬት የለበሰ ልጅ ውሃ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል።

ጀልባው ውስጥ ውሃ አለ

ትንሽ ከሆነ ፍንጣቂ ነው። ከጨመረ ከኋላ በኩል ታች ያለው የማፍሰሻ ውታፍ ላልቷል። አጥብቁት፣ በተቆረጠ ጀሪካን ቅዱ፣ ወደ ቅርቡ ዳር ሂዱ።

ደሴቱ ጋ ደርሳችሁ ግማሹ ቤተሰብ ጀልባ ላይ ቀረ

እማዬ ላይ የደረሰ ነው። ነጠላዋን አስተካክላ ልትወርድ ስትል ሴት አይገባም ተባለች። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳማት ናቸው፤ ሥርዓቱ የቆየ ነው። ጥፋቱ ቀድሞ ያልነገረን ሰው ነው፣ እኛም ያለመጠየቃችን። ከሴቶች ጋር ከሆናችሁ ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ምረጡ። እማዬ እዚያ ሥዕሎቹ ሥር ቆማ እንባዋ መጣ።

ሒሳብ ላይ ጭቅጭቅ

ምክንያቱ ሁሌ አንድ ነው፤ እናንተ በጀልባ፣ እነሱ በሰው ተዋውለዋል። ከመነሳታችሁ በፊት አራት ነገር በግልጽ ይባል፦ ዋጋው በጀልባ ነው በሰው፣ ስንት ቦታ ይቆማል፣ ስንት ሰዓት ይጠብቃል፣ ቤንዚኑ አለበት ወይ። የገዳም መግቢያ ለብቻው ነው። ቤንዚኑን በዓይናችሁ እዩት፤ ሲሶው መሄጃ፣ ሲሶው መመለሻ፣ ሲሶው መጠባበቂያ ነው።

ጉማሬ አጠገብ ወጣ

ጉማሬ የሚቆጣው ከጥልቁ ውሃ ሲለዩት ነው። በእሱና በጥልቁ መሃል አትግቡ። ፎቶ ለማንሳት «ትንሽ ጠጋ በል» ብላችሁ ካፒቴኑን አትገፋፉት። ጫሞ ላይ አዞም ስላለ እጅ ከጀልባው ውጭ አይንጠልጠል።

ከሳምንታት በኋላ ሆድ ቁርጠትና ድካም

ዳር ላይ እግራችሁን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ከሆነ ቢልሃርዚያን አስቡ። ጣና ላይ አለ። ጥልቅ ያልሆነ፣ ሣር ያለበት ዳር ላይ ያሉ ቀንድ አውጣዎች ናቸው የሚያራቡት። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲሆን የሰገራ ምርመራ አድርጉ፤ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ ሐኪም ያዝዛል። ሐይቁን እንደነካችሁም ለሐኪሙ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ታይፎይድ ብቻ ፈልጎ ሊመልሳችሁ ይችላል።

ወርዳችሁም መሬቱ ይወዛወዛል

ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን መጠበቂያ ገና ከሐይቁ አልተመለሰም። ማታ አልጋው የሚንሳፈፍ ይመስላል፤ በማግስቱ ይለቃል። ስለዚህ ከጀልባ በወረዳችሁበት ቀን መሪ አትያዙ። አንድ ቀን እደሩ፤ ወደ ጅማ የሚመልሰው መንገድ ረጅም ነው።