የኬሚካል ምህንድስና ፒኤችዲ፦ ዓመታቱ በምን ያልቃሉ?

ለኬሚካል ምህንድስና ፒኤችዲ የሚያመለክቱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚፈሩት ኮርሱንና ፈተናውን ነው። ሁለቱም ቶሎ ያልፋሉ። ማስተርስ ተይዞ በሚገባባቸው የአውሮፓ ፕሮግራሞች ጠቅላላው ጊዜ ከ3 እስከ 4 ዓመት ነው። ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ በሚገባባቸው የአሜሪካ ፕሮግራሞች ደግሞ 5 ዓመት ገደማ ይወስዳል፤ የመጀመሪያው ዓመት በቴርሞዳይናሚክስ፣ በትራንስፖርት (የፈሳሽ፣ የሙቀትና የቁስ ዝውውር) እና በሪአክሽን ምህንድስና ኮርሶች ካለፈ በኋላ የብቃት ፈተና ይመጣል። ዓመታቱን የሚበላው ግን ሌላ ነው፦ የሚታመን ቁጥር የሚሰጥ የሙከራ መስመር ዘርግቶ ማስነሣት።

ስለዚህ አማካሪ ከመምረጣችሁ በፊት ተማሪዎቹን ለብቻ አግኝታችሁ ጠይቁ። ከእነሱ በፊት የነበሩት በስንት ዓመት ጨረሱ? አማካሪው የሚያገኛቸው በሳምንት ነው በወር? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ እኔ የምሠራበት መሣሪያ ዛሬ ይሠራል ወይ? መልሱ «ሊገዛ ነው» ከሆነ ከጊዜያችሁ ላይ አንድ ዓመት ቀንሳችሁ አስሉ።

ሥራው በካታሊስት ላይ ነው እንበል፤ ካታሊስት ራሱ ሳያልቅ ሪአክሽንን የሚያፋጥን ነገር ነው። የሚያስፈልገው መስመር የጋዝ ሲሊንደር፣ ሬጉሌተር (የግፊት መቆጣጠሪያ)፣ የፍሰት መቆጣጠሪያ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ የሚገባ ሪአክተር (ሪአክሽኑ የሚካሄድበት ቱቦ)፣ ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ)፣ ውሃ የሚያወጣ ማቀዝቀዣና መጨረሻ ላይ በጋዙ ውስጥ ምን ምን በስንት በመቶ እንዳለ የሚለካ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ነው። ወረቀት ላይ አንድ ገጽ አይሞላም። አንዳንዱ ዕቃ ግን ታዝዞ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል፤ ስለዚህ ንድፉ እንዳለቀ ቀድማችሁ የምታዙት የሚዘገየውን ነው። ሃይድሮጅን የሚያልፍበት ቫልቭ መብራት ሲጠፋ ራሱን የሚዘጋ መሆን አለበት፤ የደኅንነት ገምጋሚዎች መጀመሪያ ከሚጠይቋቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ቱቦዎቹ ሲጋጠሙ ለ1/4 ኢንች ባለ ሁለት ቀለበት መጋጠሚያ ዳዶው በጣት እስኪጠብቅ ይዞራል፣ ከዚያ በመፍቻ አንድ ዙር ከሩብ። ከዚያ በላይ ማጥበቅ ቀለበቱን ያበላሸዋል፣ መጋጠሚያውም ማፍሰስ ይጀምራል። ማፍሰሱ የሚፈተነው በናይትሮጅን ወይም በሂሊየም ነው፤ በሃይድሮጅን አይጀመርም። መስመሩን ሞልታችሁ ዝጉና ግፊቱን ለሰዓታት መዝግቡ፣ የክፍሉንም ሙቀት አብራችሁ። 20 ባር ላይ ያለ ጋዝ ሙቀቱ በ3 ዲግሪ ከጨመረ ግፊቱ 0.2 ባር ገደማ ይወጣል። ጠዋት ሞልቶ ከሰዓት በኋላ ያየ ሰው የሚያፈሰውን መስመር «ደህና ነው» ብሎ የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ካታሊስት ሳይገባ ባዶውን ሪአክተር በሙሉ የሥራ ሙቀት አስኪዱ። የማይዝግ ብረት ውስጥ ኒኬል አለ፤ ሙቀቱ ሲበዛ የቱቦው ግድግዳ ራሱ ካታሊስት ይሆናል። ይህን ያልፈተሸ ተማሪ የቱቦውን ሥራ ለካታሊስቱ ዱቄት ይሰጠዋል።

አሁን ቁጥሩ። አንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአራት ሃይድሮጅን ጋር ተዋህዶ አንድ ሚቴንና ሁለት ውሃ ይሰጣል። በደቂቃ 16 ሚሊ ሊትር ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ 64 ሃይድሮጅንና 20 ናይትሮጅን፣ በድምሩ 100 አስገባችሁ። ግማሹ ቢለወጥ፣ ውሃው ከተለየ በኋላ የሚወጣው ጋዝ 68 ብቻ ነው። ክሮማቶግራፉ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን 11.8 በመቶ ብሎ ያነባል። መውጫው አሁንም 100 ነው ብሎ ያሰላ ሰው ኮንቨርዥኑን (ከገባው ውስጥ የተለወጠውን ድርሻ) 26 በመቶ ያደርገዋል፤ እውነተኛው 50 ነው። ስህተቱን የሚያጋልጠው የካርቦን ሚዛን፣ ማለትም የወጣው ካርቦን ለገባው ሲካፈል፣ ነው፤ በዚህ ስሌት 147 በመቶ ይወጣል። መፍትሔው ናይትሮጅኑ ነው፦ ስለማይለወጥ፣ መውጫው ላይ 29.4 በመቶ ከሆነ 20ን ለ0.294 አካፍሎ 68ን ማግኘት ይቻላል።

ሚዛኑ ከ95 እስከ 105 በመቶ ካልገባ ውጤቱን ለማንም አታሳዩ። ከዚያ ሲያንስ ካርቦን ካታሊስቱ ላይ እየተከማቸ፣ ከባዱ ምርት በቀዝቃዛው ቱቦ ውስጥ እየቀረ ወይም ጋዝ እየፈሰሰ ነው። ሲበልጥ ካሊብሬሽኑን (የመሣሪያው ንባብ በታወቀ ናሙና የተስተካከለበትን) ወይም የፍሰት መቆጣጠሪያውን ጠርጥሩ።

የሪአክሽን ፍጥነት የምትለኩ ከሆነ ኮንቨርዥኑን ከ10 በመቶ በታች አድርጉ። 100 በመቶ አጠገብ ስትሠሩ ካታሊስቱ ግማሹ ቢሞትም አይታያችሁም፤ የቀረው ሥራውን ይሸፍንለታል። የሪአክተሩ ወርድ ከቅንጣቱ ቢያንስ 10 እጥፍ፣ የካታሊስቱ ንጣፍ ርዝመት ደግሞ 50 እጥፍ ይሁን። ቀጥሎ ቅንጣቱን ፈጭታችሁ ደግማችሁ ለኩ፤ ፍጥነቱ ከጨመረ ስትለኩ የነበረው ኬሚስትሪውን ሳይሆን ጋዙ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚጓዝበትን ፍጥነት ነበር። በዚያ ሁኔታ የተገኘ የአክቲቬሽን ኢነርጂ (ሪአክሽኑ እንዲነሣ የሚያስፈልገው ኃይል) የእውነተኛውን ግማሽ ያህል ሊሆን ይችላል።

በኮምፒውተር የሚሠሩም ከዚህ አያመልጡም፤ ስሌቱ የሚካሄድበትን መረብ ይበልጥ አጥብቀው (ክፍልፋዮቹን አሳንሰው) ውጤቱ አለመለወጡን ሳያሳዩ ያቀረቡት ስዕል ቀለም ብቻ ነው።

ሁለተኛው ዓመት ላይ አብዛኛው ሰው የሚያሳየው ግራፍ የለውም፤ መስመሩ እየተጠገነ ነውና። ይህ የሚጠበቅ ነው። አማካሪውን ግን ባዶ እጅ አትግጠሙት፦ አንድ ገጽ፣ የተሞከረው፣ ያልሠራበት ምክንያት፣ ቀጣዩ ሙከራ። ደብተሩ ላይ የካታሊስቱ ክብደት፣ የሲሊንደሩ ቁጥርና የካሊብሬሽኑ ቀን በየሙከራው ይግባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ገምጋሚ ሲጠይቅ ከአእምሮ አይገኝም።

ድግግሞሽ ሲባል አንዱን ናሙና ሦስት ጊዜ ክሮማቶግራፍ ውስጥ መክተት አይደለም። ሪአክተሩን አራግፎ አዲስ ካታሊስት ጭኖ እንደገና መጀመር ነው፤ ለዚህም ሳምንታት መድቡ። ጽሑፉ ለጆርናል ከተላከ በኋላ የገምጋሚዎች አስተያየት ወራት ሊቆይ ስለሚችል፣ የመጀመሪያውን ለመጨረሻው ዓመት አታቆዩት። የመመረቂያ ጽሑፉ የአሠራር ምዕራፍ ደግሞ መስመሩ ገና ሳይፈታ ይጻፍ፤ ከተፈታ በኋላ የቱቦ ርዝመት የሚለካበት የለም።

የመመረቂያ ጽሑፉ መከላከያ ላይ የሚመጡት ጥያቄዎች ከርዕሱ ይልቅ ከመስመሩ የሚነሡ ናቸው፦ ሙቀቱ የተለካው የት ላይ ነው፣ ግድግዳው ላይ ወይስ ንጣፉ ውስጥ? የስህተቱ መጠን ስንት ነው? ባዶው ሪአክተር ምን አሳየ?