ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲል የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ክረምት ጎረቤታችን ጋሼ ላፕቶፓቸውን በፌስታል ጠቅልለው መጡ። ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። «እንደ ኤሊ ሆኗል፤ እስቲ ፎርማት አድርግልኝ» አሉ። ስከፍተው ከኪቦርዱ በታች ጠቅ... ጠቅ... ዝም። ደግሞ ጠቅ። ዊንዶውሱ እስኪነሳ አቦሉ አልቆ ቶናው ቀረበ።

«ጋሼ፣ ፎርማቱ ይቆየን። መጀመሪያ ውስጡ ያለውን እናውጣ።»

እንዲህ የሚያንኳኳ ዲስክ ቀሪ ሰዓቱ የተቆጠረ ነው። ያቺን ሰዓት ደግሞ ብዙ ጊዜ የምናባክናት ራሳችን ነን።

እያጠፉ ማብራት

«እስቲ አንዴ ሪስታርት ላድርገው» የሚለው ነገር አይጠቅምም። ዊንዶውስ በተነሳ ቁጥር ዲስኩ ላይ ስፍር ቁጥር የሌለው ትንንሽ ፋይል ያነባል፣ ይጽፋልም። ላፕቶፑን አጥፍቶ ዲስኩን ከላፕቶፑ ፈትቶ ማውጣት ይሻላል። ከዚያ ሳታ የሚባለውን የዲስኩን መሰኪያ ወደ ዩኤስቢ በሚቀይር ኬብል ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ነው። የላፕቶፕ ዲስክ 2.5 ኢንች ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የዩኤስቢው ኃይል ይበቃዋል። ዲስኩ ጭራሽ ካልታየና ማንኳኳት ብቻ ከሆነ ግን እዚያው ያቁሙ። ያንን የሚፈታ ሶፍትዌር የለም።

ከማውጣት በፊት ማከም

ዲስኩን ስትሰኩት ዊንዶውስ «ለመጠቀም ፎርማት ያስፈልገዋል» ሊል ይችላል። ካንስል በሉት። ቼክዲስክ የሚባለው የዊንዶውስ ዲስክ መመርመሪያም ለጤነኛ ዲስክ ጥሩ ነው፤ ለታመመ ግን አይሆንም። የተበላሸ ቦታ ፍለጋ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ያስሮጠዋል፣ በዚያ ላይ የፋይሎቹን አደረጃጀት ይነካካል። ጥገናው ከኮፒ በኋላ ይደርሳል። እንዲያውም ከኮፒ በኋላ ጥገናው አያስፈልግም፤ ዲስክ ይገዛል።

ሁሉንም በአንዴ መጎተት

ይህን ስህተት በጋሼ ዲስክ ላይ የሠራሁት እኔው ነኝ። ሁሉንም መርጬ ጎተትኩት። 41 በመቶ ላይ ቀጥ አለ። ለካ የተጣበቀው ማንም ደግሞ የማያየው የድሮ ፊልም ላይ ነው። ዊንዶውስ መጥፎ ቦታ ሲያጋጥመው ደጋግሞ ይሞክራል፤ በዚህ መሃል ዲስኩ ይደክማል። አቋርጬ «ጋሼ፣ ከዚህ ሁሉ ቢጠፋ የሚያስለቅስዎት የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። መልሳቸው አንድ ፎልደር ሆነ፤ የ15 ዓመት የፈተናና የማስታወሻ ጽሑፍ። ጠቅላላው 2 ጊጋ አይሞላም። በ10 ደቂቃ ወጣ።

የቀረውን በዲዲሬስኪው አወጣሁ። በነፃ የሚገኝ የሊኑክስ ፕሮግራም ነው፤ ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ሲስተም ሲሆን፣ ኡቡንቱ የሚባለውን ዓይነቱን በፍላሽ አስነስቶ መጠቀም ይቻላል። ጥሩነቱ፣ መጀመሪያ የሚነበበውን ይሰበስባል፣ አስቸጋሪውን ዘሎ በመጨረሻ ይመለስበታል። የደረሰበትንም ማፕ በሚባል ፋይል ላይ ይመዘግባል። መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል። ለእኛ ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብቻ የማፕ ፋይሉን በፍላሹ ጊዜያዊ ቦታ ሳይሆን በጤነኛው ዲስክ ላይ አስቀምጡት።

አቅጣጫ መሳሳት

ባዶውን ዲስክ በሙሉው ላይ የገለበጠ ሰው አውቃለሁ። በዲዲሬስኪው ትእዛዝ ቀድሞ የሚጻፈው የታመመው ነው፣ ተቀባዩ ይከተላል። ሁለቱም 500 ጊጋ ከሆኑ በመጠን መለየት አይቻልም። ሞዴሉንና ሲሪያል ቁጥሩን ዲስኩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት አንብባችሁ አመሳክሩ። ተቀባዩ ደግሞ እኩል ወይም የሚበልጥ መሆን አለበት።

ፍሪዘርና ካቻቢቴ

ዲስክን ፍሪዘር ውስጥ ከትቶ ማዳን የሚባል ወሬ አለ። የምታተርፉት ጤዛ ነው። የዲስኩን ክዳን መክፈት ደግሞ ይብሳል፤ አንባቢዋ ጭንቅላት ከሳህኑ በላይ የምትንሳፈፈው በናኖሜትር በሚለካ ርቀት ስለሆነ አንዲት ብናኝ ትበቃታለች።

የቢትሎከርን ቁልፍ መርሳት

አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ሳናውቀው የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቃል። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ላፕቶፑ የተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። ዲስኩን ከላፕቶፑ ከመፍታት በፊት ፈልጉት።

«ኮፒ አልቋል» ብሎ መዝጋት

የጋሼን ፎልደር አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። ፋይሎቹ በሙሉ አሉ። አንዱን ጫን ሳደርገው ገጹ ሙሉ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆኖ ቁጭ አለ። ጋሼ ፊታቸው ተቀየረ። «ሞተ ማለት ነው?»

አልሞተም። የድሮዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች፣ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ፣ ዩኒኮድ የሚባለውን ለሁሉም ኮምፒውተር የጋራ የሆነ የፊደል ኮድ አይጠቀሙም። የአማርኛውን ቅርጽ የሚያስቀምጡት በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ነው። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ እንደዚያ ይታያል። ስለዚህ የድሮ የአማርኛ ጽሑፍ ያለው ሰው ሰነዱን ብቻ ይዞ መውጣት የለበትም። ዊንዶውስ በሚለው ፎልደር ውስጥ ፎንትስ የሚል አለ፤ እሱንም ይጨምር። አሮጌውን ዲስክም ሰነዶቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ሳያይ አይጣል።

ፎንቱን ከዲስኩ አውጥቼ ጫንኩና ፋይሉን መልሼ ከፈትኩት። የ8ኛ ክፍል የአማርኛ ፈተና ነው። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉና ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ጥቂት ዝም ብለው «ሁለተኛው ጥያቄ ላይ፣ ‹ሠ› መሆን የነበረበትን በ‹ሰ› ጽፌዋለሁ» አሉ።