ኤስኢኦን ሥራ ለማድረግ ከየት ይጀመራል?

ኤስኢኦ ሰዎች ጉግል ላይ አንድ ነገር ሲፈልጉ የእናንተን ገጽ እንዲያገኙ የማድረግ ሥራ ነው። የማስታወቂያ ክፍያ የለበትም። ገጹ ለጥያቄው ጥሩ መልስ ስለሆነ ከፍ ብሎ ይወጣል። ዲግሪ አይጠይቅም። ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔትና ትዕግሥት ያለው ሰው ሊጀምረው ይችላል።

ብዙ ጀማሪዎች የሚነሱት ከሰርተፍኬት ነው። ኮርስ በኮርስ ላይ ይደርባሉ፣ ወራት ያልፋሉ፣ ግን አንድም ገጽ አላወጡም። እኔ የምመክረው ሌላ መንገድ ነው። አሁኑኑ ትንሽ የአማርኛ ድረ ገጽ ክፈቱና ትምህርቱን እሱ ላይ ተማሩት። ነገ ለቀጣሪም ሆነ ለደንበኛ የምታሳዩት ማስረጃ እሱ ነው።

1. ጉግል የሚሠራውን ለዩ

ጉግል ከሊንክ ወደ ሊንክ የሚዞር ፕሮግራም አለው፤ ገጾችን የሚያገኘው በሱ ነው። ካገኛቸው መካከል ብዙዎቹን አንብቦ ይመዘግባል። ሰው ሲጠይቅ ደግሞ ከመዝገቡ መርጦ በደረጃ ይደረድራል። ክሮሊንግ፣ ኢንዴክሲንግና ራንኪንግ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ይህን ልዩነት አጥብቃችሁ ያዙት። አንድ ሰው «ድረ ገጼ ጉግል ላይ የለም» ብሎ ሲመጣ ገጹ ጭራሽ አልተገኘም? ተገኝቶ አልተመዘገበም? ወይስ ተመዝግቦ ወደ ኋላ ቀርቷል? ሦስቱም መፍትሔያቸው ለየቅል ነው።

ለንባብ ጉግል ራሱ ለጀማሪዎች ያዘጋጀው የኤስኢኦ መመሪያ ይበቃል። ነጻ ነው። ዩቲዩብ ላይ ጊዜው ያለፈበት ምክር ስለሚበዛ ተጠንቀቁ። ለምሳሌ «ኪወርድ ሜታ ታግ (በገጹ ኮድ ውስጥ የሚቀመጥ፣ አንባቢ የማያየው የቃላት ዝርዝር) ሙሉ» የሚላችሁን እለፉት። ጉግል ይህን ለደረጃ እንደማይጠቀምበት ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

2. የራሳችሁን ገጽ ክፈቱ

ጠበብ ያለና በደንብ የምታውቁትን ርዕስ ምረጡ። ባልትናን እንውሰድ። በርበሬ ሲቀነጠስ፣ ሲደለዝ፣ ሲሰጣ እያያችሁ ያደጋችሁ ከሆነ ለጽሑፍ የሚሆን ብዙ ነገር አላችሁ። ጉግል የፍለጋ ውጤቶችን ለሚገመግሙለት ሰዎች በሚሰጠው መመሪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የጸሐፊውን የራስ ልምድ እንደ አንድ መመዘኛ ጨምሯል። ስለዚህ የምታውቁትን ጻፉ።

ለመነሻ ብሎገር የሚባለው የጉግል ብሎግ መክፈቻ ይበቃል፤ ነጻ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ርዕሱ በአማርኛ ሲሆን ብሎገር ለሊንኩ ከይዘቱ ጋር የማይገናኝ ስም ይሰጠዋል። ጽሑፉን ከማውጣታችሁ በፊት ፐርማሊንኩን (የጽሑፉን ቋሚ አድራሻ) ራሳችሁ በላቲን ፊደል፣ አጭር አድርጋችሁ ጻፉ። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ሊንክ ሲገለበጥና ሲለጠፍ ብዙ ጊዜ በፐርሰንት ምልክት የተሞላ ረጅም ሰንሰለት ይሆናል። ሰው ያንን አይቶ ለመንካት ይፈራል።

ከዚያ ገጹን ሰርች ኮንሶል ላይ አስመዝግቡና ሳይትማፑን (የገጾቻችሁን ዝርዝር የያዘውን ፋይል) አስገቡ። ሰርች ኮንሶል ገጻችሁ በፍለጋ ላይ እንዴት እንደሚታይ የሚያሳይ የጉግል ነጻ መሣሪያ ነው። በሥራችሁ ዘመን ሁሉ በየቀኑ የምትከፍቱት እሱን ነው።

3. ሰው ምን ብሎ እንደሚፈልግ አድምጡ

የሥራው ልብ እዚህ ነው። ኪወርድ ሪሰርች፣ ማለትም ሰዎች የሚፈልጉባቸውን ቃላት ማጥናት፣ ይባላል።

«የበርበሬ አዘገጃጀት» ብሎ የሚጽፍ ሰው ራሱ ሊያዘጋጅ ነው። «የበርበሬ ዋጋ» የሚለው ገበያው ስንት እንደገባ ማወቅ ይፈልጋል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጦ በእንግሊዝኛ በአቅራቢያው የሚሸጥበትን የሚፈልገው ደግሞ ሱቅ ነው የቸገረው። ቃሉ አንድ ነው፣ ፍላጎቱ ግን ሦስት ነው። አንድ ገጽ ሦስቱንም አያረካም። ለየትኛው ሰው እንደምትጽፉ ሳትወስኑ ኪቦርድ አትንኩ።

አማርኛ ላይ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለ። አንዱ «አሠራር» ይላል፣ ሌላው «አሰራር»። «ዓመት» እና «አመት»፣ «ጸሎት» እና «ፀሎት» እንዲሁ። ቁጥሩ ቀላል ያልሆነ ሰው ደግሞ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የሚጽፈው፤ በተለይ ውጭ አገር ያለና ስልኩ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ያልጫነ። ታዋቂዎቹ የኪወርድ መሣሪያዎች ለአማርኛ የሚሰጡት መረጃ ስስ ስለሆነ እነሱ ላይ ብቻ አትመኩ።

ይልቅ እንዲህ አድርጉ። ብሮውዘራችሁን ኢንኮግኒቶ (የቀድሞ ፍለጋችሁን የማይጠቀም የግል መስኮት) አድርጉና ቃሉን ጉግል ላይ ቀስ እያላችሁ ጻፉ። ከሥር የሚመጡትን ጥቆማዎች መዝግቡ። በሁለቱም አጻጻፍ ፈልጉና ውጤቶቹን አነጻጽሩ። በላቲን ፊደልም ሞክሩት። ከዚያ የዩቲዩብ የምግብ ቪዲዮዎች ሥር የተጻፉትን ጥያቄዎች አንብቡ። «በርበሬው ለምን ጠቆረብኝ?»፣ «ፀሐይ በሌለበት አገር እንዴት ላድርቀው?» ዓይነት ጥያቄ ለአንድ ሙሉ ጽሑፍ ይበቃል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ዓረብ አገር ወይም አውሮፓ ያለች እህታችን ብዙ ጊዜ ጠይቃ መልስ አጥታበታለች። በአማርኛ ያልተመለሰ ጥያቄ ገና ብዙ ነው፤ ለጀማሪ ትልቁ ዕድል ይኸው ነው።

ሁለቱንም አጻጻፍ አንድ ርዕስ ላይ አትደርድሩ። ያስጠላል። አንዱን መርጣችሁ ጽኑ። ሰው በየትኛው እንደመጣ ሰርች ኮንሶል በኋላ ይነግራችኋል።

4. ጻፉ፣ ከዚያ ገጹን አስተካክሉ

መልሱን ከላይ አስቀምጡ። «ለ5 ኪሎ ዛላ በርበሬ ስንት ኮረሪማ ይገባል?» ብሎ የመጣ ሰው የበርበሬን ታሪክ ማንበብ የለበትም። ርዕሱ ገጹ ውስጥ ያለውን በትክክል ይናገር። የበርበሬውን ገጽ ከሽሮውና ከሚጥሚጣው ገጽ ጋር በሊንክ አያይዙ። ጽሑፍን ፎቶ ላይ ለጥፋችሁ ብቻ አትተዉት፤ ገጹ ላይም ይጻፍ።

ፍጥነቱን ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ በሚባለው የጉግል ነጻ መለኪያ ለኩ። ጉግል የገጹ ዋና ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይመክራል። ለእኛ አንባቢ፣ በሞባይል ዳታ ለሚከፍተው፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሳይቀነሱ የተጫኑ ከባድ ፎቶዎች ናቸው።

በኤአይ መቶ ጽሑፍ አምርቶ መጫን ያጓጓል። አታድርጉት። ደረጃ ለማግኘት ብቻ ሲባል በጅምላ የሚመረትን ይዘት ጉግል እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በግልጽ ከጥፋት መድቦታል። ሊንክ መግዛትም ያው ነው።

5. ቁጥሩን ማንበብ ተማሩ

ሰርች ኮንሶል ገጻችሁ በየትኛው ቃል ስንት ጊዜ እንደታየ፣ ስንት ሰው እንደነካው፣ በአማካይ ስንተኛ እንደነበረ እስከ 16 ወር ወደ ኋላ ያሳያል። ብዙ ታይቶ ጥቂት ሰው ከነካው ርዕሱን እንደገና ጻፉ። ከ8ኛ እስከ 20ኛ ያሉት ቃላት ላይ አተኩሩ፤ ትንሽ ማሻሻያ ወደ ፊት ሊገፋቸው ይችላል። ያልጻፋችሁበት ጥያቄ ዝርዝሩ ውስጥ ከመጣ የሚቀጥለው ጽሑፋችሁ እሱ ነው።

እያንዳንዱን ለውጥ ከነቀኑ መዝግቡ፦ ምን ቀየርኩ፣ ለምን፣ ምን ሆነ። የስክሪን ፎቶም ያዙ። ቃለ መጠይቅ ላይ ይህ መዝገብ ከየትኛውም ሰርተፍኬት በላይ ይናገራል። ውጤት ዘገየ ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ጉግል የኤስኢኦ ባለሙያ ለሚቀጥሩ ሰዎች በሰጠው ምክር ላይ ጥቅሙ እስኪታይ ከ4 ወር እስከ 1 ዓመት እንደሚወስድ ተናግሯል።

6. የመጀመሪያውን ደንበኛ ያዙ

ሰፈራችሁ ያለ ምግብ ቤት፣ ክሊኒክ ወይም ጋራዥ ጥሩ መነሻ ነው። ብዙዎቹ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ አሉ፣ ጉግል ካርታ ላይ ግን ወይ የሉም ወይ ስልካቸው የድሮ ነው። ቢዝነስ ፕሮፋይላቸውን (ጉግል ካርታና ፍለጋ ላይ የሚወጣውን የድርጅቱን መረጃ) አስተካክሉላቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ቦታ የሚያገኘው በታወቀ ምልክት ስለሆነ የካርታውን ነጥብ በሩ ላይ በትክክል አስቀምጡ። የሥራ ሰዓቱን፣ ስልኩንና የጾም ምግብ መኖሩን ጻፉ። የሐሰት አስተያየት በጭራሽ አታስገቡ።

የይለፍ ቃላቸውን አትቀበሉ። ሰርች ኮንሶልም ቢዝነስ ፕሮፋይልም እናንተን እንደ ተጠቃሚ የሚጨምሩበት መንገድ አላቸው። «አንደኛ አወጣችኋለሁ» ብላችሁም ቃል አትግቡ። ማንም ይህን ማረጋገጥ እንደማይችል ጉግል ራሱ ጽፎታል። ቃል የምትገቡት የምትሠሩትን ነው፤ በየወሩ ምን እንደምታደርጉና ምን ሪፖርት እንደምትሰጡ በጽሑፍ አስቀምጡ።

ድረ ገጽ ያለው ደንበኛ ሲመጣ ስክሪሚንግ ፍሮግ የሚባለውን የድረ ገጽ መፈተሻ ፕሮግራም አውርዱ። እስከ 500 አድራሻ (ዩአርኤል) በነጻ ይፈትሻል፤ የተሰበሩ ሊንኮችንና ርዕስ የሌላቸውን ገጾች ያወጣላችኋል። ደንበኛው ውጭ አገር ከሆነ ክፍያው በምን መንገድ እንደሚገባላችሁ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ባንካችሁን ጠይቁ።