«እናቁም?» ከማለት በፊት፦ የቴሌኮም ሠራተኞች በኅብረት ስምምነት ድርድር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጎረቤቴ ልጅ የቴሌኮም ቴክኒሻን ነው። ባለፈው እሑድ አዌቱ ወንዝ አጠገብ ባለች ቡና ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ በረካው ሲቀዳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ድርድሩ አልሄድ ብሏል። ልጆቹ ሥራ እናቁም ይላሉ። እርስዎ ምን ይመስልዎታል?» አለኝ። እኔ በጅማና በአካባቢዋ የሠራተኛ ማኅበራትን ክርክር ይዤ ስመላለስ ያረጀሁ ሰው ነኝና መልሱን ለማግኘት አልተቸገርኩም። አታቁሙ አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። ፈርቼ የማስፈራራው መሰለው። የሚከተለው ያን ዕለት በተራ በተራ ያስረዳሁት ነው፤ የሚሠራበትን ድርጅት ስም አላነሳም፣ ለነገሩም አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ስህተት የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 42 አንብቦ መጽሐፉን መዝጋት ነው። አንቀጹ ለሠራተኞች የመደራጀትና ሥራ ማቆምን ጨምሮ ቅሬታን የማሰማት መብት ይሰጣል፤ ልጆቹም ፎቶ አንስተው በስልካቸው ይዘውት ይዞራሉ። ከዚያ በታች ግን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለ። አንቀጽ 137 ለሕዝብ እጅግ አስፈላጊ የሚላቸውን አገልግሎቶች ይዘረዝራል፦ የአየር ትራንስፖርት፣ መብራት፣ ውኃና የከተማ ጽዳት፣ ሆስፒታልና መድኃኒት ቤት፣ እሳት አደጋ። ቴሌኮሙኒኬሽንም እዚያው ነው። በእነዚህ ድርጅቶች ሠራተኛው ሥራ ማቆም፣ አሠሪውም ሥራ መዝጋት አይፈቀድላቸውም። የድርጅቱ ባለቤት መንግሥት ይሁን ባለሀብት ለውጥ የለውም።

«ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ ወስነን፣ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ብንሰጥስ?» አለኝ። ይህ ሥርዓት በሕጉ አለ፤ የተጻፈው ግን ማቆም ለተፈቀደለት ሠራተኛ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ይጠቀምበታል። የቴሌኮም ሠራተኛ ሥርዓቱን አንድ በአንድ ቢፈጽም እንኳ በሩ አይከፈትለትም።

ሁለተኛውን ስህተት ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ፤ እኔም የተቀጣሁበት ነው። «አናቆምም፣ እናዘግማለን» የሚሉት ብልሃት አለ። የኔትወርክ ማማ ላይ ለመውጣት ሁለት ሰዓት መዘግየት፣ የብልሽት ጥሪ መዝገብ ላይ ጽፎ መተው፣ በአንድ ቀን አሥር ሰው መታመም። ሕጉ ይህን አስቀድሞ ያየው ይመስለኛል፤ ሥራ ማቆምን ሲተረጉም በኅብረት መሥራት መተውን ብቻ ሳይሆን ከመደበኛው መጠን በታች መሥራትንም ጨምሮ ነው። ያዘገመ ሰው አቁሟል።

ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት ሠራተኞች እኔ ዘንድ መጥተው «እናዘግም?» ሲሉኝ ዝም ብዬ አሳለፍኳቸው። ወጣት ነበርኩ፣ ዝምታም ብልህነት ይመስለኝ ነበር። እነሱ ማቆም ይፈቀድላቸው ነበር፤ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡ ማዝገምን መረጡ። እያንዳንዱ አናጺ በቀን ስድስት ወንበር ይገጥማል፤ በዚያ ሳምንት ሁለት ሁለት ገጠሙ። ጉዳዩ ሲሰማ የአሠሪው ጠበቃ ምስክር አልጠራም። አንድ ወፍራም መዝገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ገለጠው። ሠራተኞቹ ማታ ማታ ከገጠሙት ወንበር ቁጥር ጎን የሚፈርሙበት መዝገብ ነበር። «6» ከሚለው ጎን ፊርማቸው አለ፤ «2» ከሚለውም ጎን አለ፣ ያውም በዚያው ቀለም። የምናገረው አጣሁ። የቴሌኮም ሥራ ደግሞ ከወንበር ይብሳል፤ ጥሪው የገባበት፣ ቴክኒሻኑ የተላከበት፣ መስመሩ የተመለሰበት ደቂቃ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ተመዝግቦ ይቀራል።

በኅብረት መታመምም ያው ነው። በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረና ስለዚሁ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ሠራተኛ ያለ ስንብት ማስታወቂያ ወዲያው ሊሰናበት ይችላል። ሐሰተኛ የሕክምና ወረቀት ከተጨመረበት ነገሩ ወደ ወንጀል ይሄዳል።

ሦስተኛው ስህተት ቀን አለመቁጠር ነው። «ስምምነታችሁ የሚያበቃው መቼ ነው?» ስለው «ዘንድሮ ይመስለኛል» አለ። ይመስለኛል! የኅብረት ስምምነት፣ ማለትም ማኅበሩና አሠሪው ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ የሚፈራረሙት ውል፣ በራሱ ሌላ ጊዜ ካልወሰነ የሚጸናው ለሦስት ዓመት ነው። ለማሻሻል ወይም ለመተካት የሚደረገው ድርድር ጊዜው ከማለቁ ከሦስት ወር በፊት መጀመር አለበት። ካለቀ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ ካልተቋጨ የቀድሞው ስምምነት የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ድንጋጌዎች መሥራታቸውን ያቆማሉ። ሰኔ 30 የሚያበቃ ስምምነት ካላችሁ በመጋቢት መጨረሻ ጠረጴዛ ላይ መሆን አለባችሁ፤ መስከረም ሲገባደድ ያልተፈራረማችሁ እንደሆነ የቤት አበል፣ የበረሃ አበል፣ የሕክምና ሽፋን እያላችሁ የምትቆጥሩት ሁሉ ከእጃችሁ ይወጣል። በመካከሉ ያለው ክረምቱ ነው፤ ኃላፊው ዕረፍት ላይ ነው፣ ስብሰባው ለሌላ ሳምንት ተዛወረ፣ የአዲስ ዓመት በዓል ደረሰ። ጊዜ ለአሠሪው ሲሠራ ሠራተኛው ስለ ማቆም ይከራከራል።

ከዚህ የሚቀጥለው ደግሞ ወሬን እንደ ድርድር መቁጠር ነው። ጥያቄ በጽሑፍ ይቀርባል፣ የተጠየቀው ወገን በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት። ቀረ? ደብዳቤው የደረሰበት ቀንና የተቀባዩ ፊርማ ማስረጃችሁ ነው። መጣ? ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ የተስማማችሁበትና ያልተስማማችሁበት ተለይቶ ይጻፍ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። ደመወዝ ሲነሳ «ኑሮ ተወደደ» አይበቃም፤ ያንን አሠሪውም ያውቃል። የጤፍና የዘይት ዋጋ ካለፈው ስምምነት ቀን ጋር ተነጻጽሮ፣ የሦስት ዓመት የደመወዝ ወረቀት ተያይዞ ይቅረብ።

ክርክር ይዞ የሚሄዱበትን በር መሳሳትም አለ፣ በአጭሩ እናልፈዋለን። የወል ክርክር፣ ማለትም ሠራተኞችን በጋራ የሚመለከት ክርክር፣ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣው በመንግሥት የሚመደበው አስማሚ ነው። እሱ ማስማማት ካቃተው በቴሌኮም ዓይነት ድርጅት የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ የአሠሪና ሠራተኛ ክርክር ወደሚወስን ጊዜያዊ ቦርድ፣ ሌላው የወል ክርክር ወደ ቋሚ ቦርድ ይሄዳል። የአንድ ሰው ስንብት የግል ክርክር ስለሆነ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። ቦርዱ ውስጥ የሠራተኛም የአሠሪም ወኪሎች ይቀመጣሉ። ማቆም የተከለከለ ሠራተኛ በምትኩ የተሰጠው ይህ ነው፤ ሳይጠቀምበት «ሕጉ ምንም አልሰጠንም» የሚል ማኅበር አይቻለሁ።

የውጭ ዜና ማየት ጥሩ ነው፣ መቅዳት ግን ሌላ ነው። ልጁ በአሜሪካ የቬራይዞን ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ2016 ያደረጉትን አድማ ጠቀሰልኝ። እውነት ነው፣ 40,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ለሰባት ሳምንት ገደማ ወጥተው የደመወዝ ጭማሪ ይዘው ተመልሰዋል። ነገር ግን ውላቸው ያበቃው በነሐሴ 2015 ነበር፤ ስምንት ወር ያህል ያለ ውል እየሠሩ ተደራድረው ነው በሚያዝያ የወጡት። ኩባንያው በአድማው መካከል የሕክምና ዋስትናቸውን አቋርጦባቸዋል፣ ማኅበራቸው ደግሞ ለዚህ ቀን ያጠራቀመው የአድማ ገንዘብ ነበረው። ከሁሉ በላይ በዚያ አገር ሕግ አድማቸው የተፈቀደ ነበር። የእናንተ ማኅበር ካዝና ውስጥ ስንት አለ ብዬ ስጠይቀው ሳቀ።

ሌላም አለ፤ በኤጀንሲ የተቀጠሩትን መርሳት። ማማውን የሚጠብቀው ዘበኛ፣ ገመድ የሚዘረጋው የኮንትራክተር ሠራተኛ በስምምነታችሁ ውስጥ የሉም። ስለ እነሱ በድርድሩ አንድ መስመር ካላስገባችሁ ነገ ሥራችሁ በእነሱ ዋጋ ይተመናል።

የመጨረሻው ስህተት ከፍርሃት የሚመጣ ነው። ሕጉ ከልክሏል ብሎ ሕጉ እንዲሻሻል አለመጠየቅ። የኔን አስተያየት ልንገራችሁ፤ ክልከላው ከልክ በላይ ሰፊ ነው። ሌሊት አምቡላንስ የሚጠራ ሰው ስልኩ መሥራት አለበት፣ ከሊሙ ቡና ጭኖ የመጣ ነጋዴ ገንዘቡ በስልክ መግባት አለበት፣ በዚህ አልከራከርም። ይህ ግን ዋናውን መስመር የሚጠብቅ የተወሰነ ሰው ሥራ ላይ ይቆይ ቢባል ይፈታል። ኢትዮጵያ የመደራጀት ነፃነትንና የኅብረት ድርድርን የሚመለከቱትን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነቶች ቁጥር 87 እና 98 ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ ይህን ክርክር በፌዴሬሽንና በኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) በኩል ይዞ መሄድ ክልክል አይደለም።

ልጁ ስኒውን እያዞረ ቆየና «መርካቶ ባለው የድርጅታችን ሱቅ ተቀጥራ ሲም ካርድ የምትሸጠዋ እህቴስ?» አለ።

«እሷም አትችልም።»

«ሲም ካርድ ነው እኮ ጋሼ።»

«አውቃለሁ።»