ሶፍትዌር ሲጭኑ ጨጓራ የሚልጡ ስህተቶች

አንድ ፕሮግራም ለመጫን ቁጭ ብለው፣ ደማቸው ፈልቶ የሚነሱ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሥራው ሲጀመር የአምስት ደቂቃ ይመስላል። ከዚያ አንድ መስኮት ብቅ ይላል። የማይገባ ቁጥር ያሳይና ይጠፋል። ሰውየው ዩቲዩብ ይከፍታል። አንዱ "ይህን አጥፋው" ይለዋል፣ ሌላው "ያን ጨምርበት" ይለዋል። ነገሩ ይባስ ይወሳሰባል። በመጨረሻ "ይሄ ኮምፒውተር አርጅቷል" ተብሎ ይፈረድበታል።

ኮምፒውተሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆነም። የሰው ኮምፒውተር ማስተካከል እወዳለሁ፤ ደጋግሜ የማየውም ሁለት ነገር ነው። አንዱ ጥድፊያ ነው። ሌላው የአንዱን ሲስተም ልማድ ወደ ሌላው ይዞ መሄድ ነው። ዊንዶውስ፣ ማክ እና ሊኑክስ ፕሮግራም የሚቀበሉበት መንገድ ለየቅል ነው። በአንዱ ትክክል የሆነው በሌላው ጥፋት ሊሆን ይችላል።

የራስን ማሽን ሳያውቁ ማውረድ

የማውረጃውን ገጽ ሲከፍቱ ሦስት አራት ምርጫ ተደርድሮ ይጠብቅዎታል። 32 ቢት፣ 64 ቢት፣ ኢንቴል፣ ኤአርኤም፤ የፕሮሰሰርና የሲስተም ዓይነት መለያዎች ናቸው። ብዙ ሰው ዓይኑ ያረፈበትን ያወርዳል። ከዚያ "ይህ ፕሮግራም በዚህ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም" የሚል መልእክት ይመጣል።

ከማውረድ በፊት አንድ ደቂቃ ይስጡት። በዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት የሚለውን ይክፈቱ። ሁሉም እዚያ ተጽፏል። 64 ቢት ዊንዶውስ የ32 ቢት ፕሮግራሞችን ያሠራል። 32 ቢት ዊንዶውስ ግን የ64 ቢቱን በጭራሽ አይቀበልም።

በማክ ደግሞ ጥግ ላይ ያለውን የአፕል ምልክት ክሊክ አድርገው ስለ ማኩ የሚገልጸውን ይክፈቱ። አፕል እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 ጀምሮ ኤም1 የተባለውን የራሱን ቺፕ (የኤአርኤም ዓይነት ነው) ማስገባት ጀምሯል። ከዚያ በፊት የነበሩት ኢንቴል ናቸው። ለኢንቴል የተሠራ ፕሮግራም ሮዜታ 2 በሚባል አስተርጓሚ አማካይነት በአዲሶቹ ላይ ይሠራል። ለአዲሱ ቺፕ ብቻ የተሠራው ግን በአሮጌው ማክ ላይ አይከፈትም። የ32 ቢት ፕሮግራሞችን ደግሞ ማክ እ.ኤ.አ. በ2019 ካታሊና ከተባለው እትሙ ጀምሮ ጨርሶ ትቷቸዋል። ለዓመታት ሲሠራ የቆየ ፕሮግራም በአንድ አፕዴት ማግስት እምቢ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው።

ሊኑክስ ብዙ ዓይነት አለው። ዴቢያን፣ ኡቡንቱ እና ሚንት ለሚባሉት የሚሆነው ዴብ የሚባለው ፋይል ነው። ፌዶራ ለሚባለው የሚሆነው አርፒኤም ነው። አንዱን በሌላው ላይ ለመጫን መታገል ጉልበት መጨረስ ነው።

ጉግል መጀመሪያ ያመጣውን ማመን

ይህ ከሁሉም የበለጠ ያሳስበኛል። የፕሮግራሙን ስም ሲፈልጉ ከላይ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ነው። ከማስታወቂያው ጀርባ የእውነተኛውን ገጽ መልክ አስመስሎ የተሠራ የማጭበርበሪያ ገጽ ሊኖር ይችላል። ገጹን ሲከፍቱ ደግሞ "ዳውንሎድ" የሚል ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ ፊትዎ ይደቀናል። እውነተኛው ማውረጃ ከሥሩ በደቃቅ ጽሑፍ የተጻፈው ሊሆን ይችላል። አድራሻውን ፊደል በፊደል ያንብቡ። የተጣመመ ወይም የተጨመረ ፊደል ካለበት ይውጡ።

ትክክለኛ ገጽ ላይ ሆኖም ጉድ ሊገጥም ይችላል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ተጠልፎ፣ ማውረጃው ወደ ተበረዘ ፋይል እንዲያመራ ተደርጎ ነበር። 17.3 የተባለውን እትም በዚያ ቀን ከገጹ ያወረዱ ሰዎች ለጠላፊ በር የሚከፍት ሲስተም ነበር የወረደላቸው። ፋይላቸው ጤነኛ መሆኑን የሚለዩት የፕሮጀክቱ ሰዎች ካወጡት ትክክለኛ የማረጋገጫ ቁጥር ጋር በማመሳከር ነበር። ዛሬ በብዙ ማውረጃ ገጾች ላይ የሚያዩት ሻ-256 የተባለው የ64 ፊደልና ቁጥር ሰንሰለት ለዚሁ ሥራ ነው። ይህን ቁጥር የሚያወጣ ትዕዛዝ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም አብሮ ይመጣል። ሲስተም የሚያህል ነገር ሲያወርዱ በፍጹም አይለፉት።

ክራክ የተደረገ (የክፍያ መቆለፊያው ተሰብሮ በነጻ የሚታደል) ሶፍትዌርም እዚሁ ላይ ይነሳ። መመሪያው ሁልጊዜ "መጀመሪያ አንቲቫይረስዎን ያጥፉ" ብሎ ይጀምራል። ይህን ያለዎትን ፋይል እዚያው ያጥፉት። ለአብዛኛው ውድ ፕሮግራም ነጻ ምትክ አለው። ለኦፊስ ሊብሬኦፊስ፣ ለፎቶሾፕ ጊምፕ አሉ።

ኔክስት፣ ኔክስት፣ ኔክስት

በዊንዶውስ ፕሮግራም ስንጭን እጃችን "ኔክስት" ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አንዳንድ ነጻ ፕሮግራሞች ይህን ልማድ ያውቁታል። በመሐል አንዲት ሳጥን ቀድማ ራይት ተደርጋባት ትጠብቃለች። ሳያነቡ ካለፉ ያላዘዙት ቱልባር፣ ያልጠየቁት አንቲቫይረስ፣ የማያውቁት መፈለጊያ ብሮውዘርዎ ላይ ሰፍሮ ያገኙታል። "ከስተም" ወይም "አድቫንስድ" የሚል ምርጫ ካለ እሱን ይምረጡ፤ የተደበቀው ሁሉ እዚያ ይታያል።

ዚፕ ሳይፈቱ ማስነሳት

ዊንዶውስ ዚፕ ፋይልን እንደ ተራ ፎልደር ከፍቶ ያሳያል። ሰው ውስጡን ያይና ሴትአፕ የሚለውን ክሊክ ያደርጋል። ዊንዶውስ ያችን አንድ ፋይል ብቻ አውጥቶ ጊዜያዊ ቦታ ላይ ያስነሳታል። አጋሮቿ ግን ዚፑ ውስጥ ቀርተዋል። ስለዚህ "ፋይሉ አልተገኘም" ትላለች። ሰውየው ደግሞ ፋይሉን በዓይኑ እያየው ስለሆነ ይበግናል። መፍትሔው ዚፑን በቀኝ ክሊክ ይዞ "ኤክስትራክት ኦል" ማለት ነው። ከዚያ በወጣው ፎልደር ውስጥ ያለውን ማስነሳት።

ደጋግሞ ክሊክ ማድረግ እና 99 ላይ ተስፋ መቁረጥ

ፋይሉን ሁለቴ ክሊክ ያደርጋሉ። ምንም የለም። ደግመው ያደርጋሉ። አሁንም ዝም። ይሰለስላሉ። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሱና እርስ በርስ ይጋጫሉ። በዊንዶውስ 1618 የሚል የስህተት ቁጥር ካዩ ትርጉሙ "ሌላ ጭነት እየተካሄደ ነው፣ እሱ ይለቅ" ማለት ነው። መጀመሪያ የታችኛውን ታስክባር ይመልከቱ። የፈቃድ መጠየቂያው መስኮት ከሌሎች ጀርባ ተደብቆ፣ እዚያ ታች ብልጭ ድርግም እያለ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ያ መስመር ይመጣል። እስከ 90 ድረስ ሽው ይላል። 99 ላይ ሲደርስ ይገተራል። ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ፣ አሁንም 99 ነው። መስመሩ የሚቆጥረው ጊዜን ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ የተሠሩ ሥራዎችን ነው። አንድ ሺህ ጥቃቅን ፋይል መገልበጥ የድምራቸውን ያህል መጠን ካለው አንድ ትልቅ ፋይል የበለጠ ይወስዳል። አንቲቫይረሱም እያንዳንዱን ያያል። መጨረሻ ላይ የሚቀሩት ምዝገባና ጽዳት ደግሞ የራሳቸው መስመር የላቸውም። እዚህ ላይ ኮምፒውተሩን ማጥፋት ከባዱ ጥፋት ነው፤ ግማሹ የገባ ፕሮግራም ለመጫንም ለማውጣትም ያስቸግራል። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማኔጀርን ይክፈቱ። ዲስኩ ወይም ፕሮሰሰሩ እየሠራ ከሆነ ሥራው አልቆመም። ይጠብቁት።

በማክ ዲስኩ ላይ ሆኖ ማሠራት

ከዊንዶውስ ወደ ማክ የመጣ ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ይህ ነው ብል አላጋነንኩም። ዲኤምጂ የሚባለውን ፋይል ሲከፍቱት አንዲት መስኮት ትመጣለች። በግራ የፕሮግራሙ አይከን፣ በመሐል ቀስት፣ በቀኝ አፕሊኬሽንስ የሚባለው ፎልደር አለ። የዊንዶውስ ሰው "ኔክስት" ይፈልጋል። የለም። ስለዚህ አይከኑን ሁለቴ ክሊክ ያደርገዋል። ፕሮግራሙ ይከፈታል፣ ይሠራል። ተጫነ ብሎ ደስ ይለዋል።

በማግስቱ ኮምፒውተሩን ሲከፍት ፕሮግራሙ የለም። አልተጫነማ። ዲኤምጂው ለጊዜው የተሰካ ዲስክ ነው፤ ሪስታርት ሲደረግ ይነቀላል። ተሰክቶ እያለም ምንም ሊጻፍበት ስለማይችል ፕሮግራሙ ራሱን አፕዴት ማድረግ አይችልም። ያ ቀስት ጌጥ አይደለም። አይከኑን ይዘው ወደ አፕሊኬሽንስ ይጎትቱት። ከዚያ ዲስኩን "ኢጀክት" ያድርጉትና ፕሮግራሙን ከአፕሊኬሽንስ ውስጥ ይክፈቱ። ዲኤምጂውን መጣል ይችላሉ።

ማክ ያልታወቀ ሠሪ የሠራውን ፕሮግራም የሚያግደው ጌትኪፐር በሚባል ጠባቂ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አለ። ቀድሞ ኮንትሮልን ይዞ ክሊክ በማድረግ ይታለፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ሴኮያ በተባለው የማክ እትም ይህ አቋራጭ ተዘግቷል። አሁን ሲስተም ሴቲንግስ ገብተው ፕራይቬሲ እና ሴኩሪቲ የሚለው ውስጥ ወደ ታች ወርደው "ኦፕን ኤኒዌይ" ይላሉ። አሮጌ ምክር ይዘው የሚደክሙ ሰዎች ስላሉ ነው ይህን ያነሳሁት። ሠሪውን ካላወቁት ግን ጠባቂውን ይስሙት።

ሊኑክስን እንደ ዊንዶውስ መያዝ

በሊኑክስ ፕሮግራም ፍለጋ ድረ ገጽ ለድረ ገጽ መዞር አያስፈልግም። ሲስተሙ የራሱ የፕሮግራም ማከማቻ አለው። ኡቡንቱና ዴቢያን በአፕት፣ ፌዶራ በዲኤንኤፍ፣ አርች በፓክማን ከዚያ ያመጣሉ። ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ፋይሎችም አብረው ያመጣሉ፣ በኋላም ሁሉንም በአንድ ትዕዛዝ ያድሳሉ። ይህ በእኔ እምነት ከሦስቱ የተሻለው መንገድ ነው። መጀመሪያ እዚያ ይፈልጉ። ከሌለ ብቻ ወደ ውጭ ይውጡ።

ተርሚናሉ፣ ማለትም ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት፣ የመጀመሪያ ቀን ያስደነግጣል። ሱዶ (በሙሉ ሥልጣን አሠራልኝ ማለት ነው) ብለው ትዕዛዝ ሲጽፉ ፓስወርድ ይጠይቃል። መጻፍ ይጀምራሉ። በብዙዎቹ ሊኑክሶች ምንም አይታይም። ነጥብ የለም፣ ኮከብ የለም። ሰዉ ኪቦርዱ የተበላሸ መስሎት ይነቅለዋል፣ መልሶ ይሰካዋል። አልተበላሸም። የፓስወርድዎ ርዝመት እንኳ እንዳይታይ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ዝም ብለው ጽፈው ኢንተርን ይምቱ።

ሌላው ወጥመድ ኮንትሮል እና ሲ ነው። በሌላ ቦታ ኮፒ ማድረጊያ ነው። ተርሚናል ውስጥ ግን የሚሠራውን ሥራ ማቋረጫ ነው። ጭነቱ እየሄደ ሳለ አንድ መስመር ኮፒ ላድርግ ያለ ሰው ጭነቱን ይገድለዋል። እዚያ ኮፒ ለማድረግ ሺፍትን ይጨምሩበት።

አንዳንዴ አፕት "ቁልፉን ማግኘት አልቻልኩም" የሚል መልእክት ይሰጣል። ኡቡንቱ ከተከፈተ በኋላ የደህንነት አፕዴቶችን በራሱ ጊዜ ይጭናል፤ እሱ እስኪጨርስ ሌላ ጫኚ አይገባም። ኢንተርኔት ላይ "የቁልፉን ፋይል ሰርዘው" የሚል ምክር ሞልቷል። አይስሙት። ሁለት ጫኚዎች በአንድ ጊዜ ከጻፉ የፕሮግራሞቹ መዝገብ ይበላሻል። ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ይሞክሩ።

ትዕዛዝ ከኢንተርኔት ሲገለብጡ ለየትኛው እትም እንደተጻፈ ይዩ። የኡቡንቱ ቁጥር ዓመትና ወር ነው። 24.04 ማለት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2024 ነው። ለ16.04 የተጻፈ መመሪያ ዛሬ ላይሠራ ይችላል። ከፊቱ ሱዶ ያለበት ትዕዛዝ ደግሞ በሙሉ ሥልጣን ነው የሚሠራው። ምን እንደሚያደርግ ሳይገባዎት አያስነሱት።

የስህተት መልእክትን ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት

መልእክቱ ሲመጣ "ኦኬ" ብለን እናባርረዋለን። ከዚያ ለምናማክረው ሰው "የሆነ ነገር ጻፈና ጠፋ" እንለዋለን። መፍትሔው ያለው በዚያ በጠፋው ጽሑፍ ውስጥ ነበር። በዊንዶውስ በተለመደው ዓይነት የመልእክት መስኮት ላይ ሆነው ኮንትሮል እና ሲን ቢጫኑ ጽሑፉ በሙሉ ኮፒ ይሆናል። ካልሆነ ፎቶ ያንሱት። ከፕሮግራሙ ስምና ከሲስተሙ እትም ጋር ይፈልጉት።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። "ቪሲራንታይም140 የሚባል ዲኤልኤል የለም" የሚለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ዲኤልኤል ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት ፋይል ነው። የተለመደው ስህተት ያንን ፋይል ብቻውን ከማይታወቅ ገጽ አውርዶ ሲስተም32 የሚባለው የዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ መወርወር ነው። ፋይሉ የማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢዩተብል የሚባል ጥቅል አካል ነው። ጥቅሉን በነጻ ከማይክሮሶፍት ገጽ ያውርዱ። ፕሮግራሙ 32 ቢት ከሆነ ዊንዶውሱ 64 ቢት ቢሆንም የ32 ቢቱ ጥቅል ያስፈልገዋል። ሁለቱንም ቢጭኑ ይገላገላሉ።

አይከን ሰርዞ "አጠፋሁት" ማለት

ዴስክቶፕ ላይ ያለው አይከን አቋራጭ ብቻ ነው። እሱን ሪሳይክል ቢን ውስጥ ቢጥሉት ፕሮግራሙ የነበረበት አለ። በሴቲንግ በኩል፣ አፕስ ውስጥ ገብተው "አንኢንስቶል" ይበሉ። በማክ ወደ ትራሽ መጎተት ለብዙዎቹ ይበቃል፤ የራሱ ማጥፊያ ያለው ፕሮግራም ከሆነ ግን በእሱ ያጥፉት። በአፕት "ሪሙቭ" ፕሮግራሙን ብቻ ያወጣል፣ "ፐርጅ" በሲስተሙ ውስጥ ያስቀመጠውንም ሴቲንግ ይጨምራል።

የተጠቃሚ ስምን በግዕዝ ፊደል መክፈት

ይህችን ብዙ ሰው አያውቃትም፤ ለእኛ ግን በቀጥታ ትመለከተናለች። ዊንዶውስ ሎካል አካውንት (በዚያ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ያለ) ሲከፍት በስምዎ ፎልደር ይፈጥራል። ስሙ በግዕዝ ፊደል ከሆነ የፎልደሩም ስም እንዲሁ ይሆናል። ብዙ ጫኚዎች ጊዜያዊ ፋይላቸውን የሚያስቀምጡት በዚሁ ፎልደር ሥር ነው። አሮጌ ፕሮግራሞች ከላቲን ውጭ ያለ ፊደል ማንበብ ስለማይችሉ መንገዱ ይጠፋባቸዋል። የሚሰጡት ስህተት ደግሞ ስለ ፊደል ምንም አይናገርም። ሰው ሳምንት ሙሉ ሌላ ሌላውን ሲፈትሽ ይከርማል። ፕሮግራሞቹ ቢስተካከሉ ደስ ይለኝ ነበር፤ እስከዚያው መላ አለው። አካውንቱን ሲከፍቱ ስሙን በላቲን ፊደል ይጻፉ። ፎልደሩ አንዴ ከተፈጠረ በኋላ የሚታየውን ስም ወደ አማርኛ ቢለውጡት የፎልደሩ ስም አይነካም።